ቂም የያዘ ቁራና የገለምሶ ጎረቤታችን

የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው፥ ቂም የሚባለውን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከባለጉዳዮች ፊት ያነበዋል። በድንበርና በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች ከታረቁም በኋላ ቃላቸውን ሲሰጡ ድምፃቸው ይለወጣል፤ የጠቡ መነሻ ተረስቶ ቂሙ ብቻ ለልጅ የተላለፈበትንም መዝገብ ብዙ ጊዜ በእጄ ገልብጫለሁ። ነገር ግን ቂም ከአዳም ልጅ በቀር በሌላ ፍጥረት ልብ ያድራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይህን አሳቤን የለወጠው በገለምሶ ከተማ፥ ከቤቴ ደጃፍ በቆመው ባሕር ዛፍ ላይ ጎጆ የሠራ ቁራ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ የሚያስቅ ነበር፤ ኋላ ግን ከአንዲት ደግ ጎረቤታችን ጋር ሊያጣላን ስለ ቀረበ፥ ለቤተ ሰብ ገጽ ይስማማል ብዬ እንደ ሆነው ጽፌዋለሁ።

ገለምሶ በምዕራብ ሐረርጌ፥ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ በጨርጨር ተራሮች መካከል የምትገኝ፥ በቡናዋና በጫቷ የታወቀች ከተማ ናት። ገበያና ከብት ማረጃ ባለበት ሁሉ ቁራ አይጠፋምና፥ በከተማችንም ሞልቷል። በአገራችን ሰው ሁሉንም ባንድ ስም ቁራ ይበለው እንጂ ዓይነቱ ልዩ ልዩ ነው። አንደኛው ትልቁ፥ መንቈሩ ወፍራም፥ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ነው፤ እርሱን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1836 ዓ.ም. ለሊቃውንት የገለጸው ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ነው፤ መኖሪያውም ይልቁን የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ሌላው ደግሞ ደረቱና አንገቱ ነጭ ሆኖ እንደ ካባ የለበሰ የሚመስለው፥ በብዙው የአፍሪካ አገር የሚገኘው ነው። የእኔ ባለጋራ ይህ ባለ ነጭ ደረቱ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ለምሳ ስመለስ፥ ከአጥሩ በር አጠገብ ክንፉ ገና ያልጠና የቁራ ጫጩት ሞቶ አገኘሁ። ሕፃናት እንዳይነኩት፥ ውሻም ይዞት ወደ ቤት እንዳይገባ በማለት፥ በክንፉ አንጠልጥዬ ወስጄ ከአመድ መድፊያው ጣልሁት። ይህን ሳደርግ ወላጆቹ ከዛፉ ላይ ሆነው ይጮኹ ነበር፤ ጩኸታቸውም ሌሎችን ጠርቶ፥ ጥቂት ሳይቈይ የቤቱ ጣራ በቁራ ጠቈረ። እኔም «የወላጅ አንጀት ነው» ብዬ አዝኜ ገባሁ።

በማግሥቱ ጧት ወረቀቶቼን በብብቴ ይዤ ስወጣ፥ አንድ ነገር ከኋላዬ መጥቶ ባርኔጣዬን መትቶ ጣለው። ቀና ብል ቁራው ከአጥሩ ላይ አርፎ ይመለከተኛል። ባርኔጣዬን አንሥቼ ጥቂት እንደ ሄድሁ ደግሞ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ በየጧቱ ሆነ። ቁራ ፊት ለፊት አይመጣም፤ ሰው ጀርባውን እስኪሰጠው ይጠብቅና ዝቅ ብሎ እየበረረ በእግሩ ይመታል። ዘወር ብሎ ለሚያየው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አይደፍርም። እኔም ወደ ሥራዬ የምሄደው እንደ ሸርጣን ወደ ጎን እየተራመድሁ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ከእኔ በቀር ማንንም አለመንካቱ ነው። ባለቤቴ ትወጣለች፥ ትገባለች፤ ልጆቼ ከዛፉ ሥር ይጫወታሉ፤ ወተት የምታመጣው ሴት ታልፋለች፤ ቁራው ግን ዝም ይላል። ባርኔጣውን ትቼ በሻሽ ብሞክር አወቀኝ፤ እሑድ ነጭ ጋቢ ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድም አወቀኝ። አንድ ቀን ብቻ ጥርሴን ስላመመኝ ፊቴን እስከ ዓይኔ በነጠላ ሸፍኜ ብወጣ ሳይነካኝ አለፍሁ። ነገር ግን የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ወደ ሥራው ሊሄድ አይገባውምና፥ በጠራራ ፀሐይም በማለዳም ጃንጥላ መያዝ ግድ ሆነብኝ። የሥራ ጓደኞቼም «ጸሐፊያችን ከቁራ ጋር ክርክር ገጥሟል፤ ቀጠሮውም በየጧቱ ነው» እያሉ ሳቁብኝ።

ሳቁ ግን ከቤታችን አልገባም። በአገራችን ቁራ በቤት ላይ ሲጮኽ መርዶ ይመጣል የሚሉ ብዙ ናቸው። የኖኅ ቁራ ከመርከብ ተልኮ ስለ ቀረ፥ ሄዶ የማይመለስ ሰው እስከ ዛሬ የቁራ መልእክተኛ ይባላል። ነቢዩ ኤልያስ በረኀብ ዘመን በወንዝ ዳር ሳለ ጧትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት እነዚያው ቁራዎች እንደ ሆኑ ያው መጽሐፍ ይነግረናል፤ ነገር ግን ሰው የኖኅን ቁራ ይዞ የኤልያስን ይተዋል። ባለቤቴም በዚያ ወራት ነፍሰ ጡር ስለ ነበረች የቁራውን ጩኸት በሰማች ቁጥር ትደነግጥ ነበር።

ከአጥራችን ወዲያ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ ልጆቻቸው ወደ ድሬዳዋ ስለ ሄዱ ብቻቸውን ናቸው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን በወለደች ጊዜ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ በየማለዳው ይዘውላት ይመጡ የነበሩ እርሳቸው ናቸው። ባልቴቷ ከቤታቸው የተረፈውን ማሽላ በየጧቱ ለወፍ የመበተን ልማድ አላቸው። እኔን የሚያሳድዱኝ ቁራዎች ከእርሳቸው ግቢ ወርደው እንደ ዶሮ ከእግራቸው ሥር ይለቅማሉ።

መጀመሪያ አንዲት የቡና እንግዳ ይህን አይታ ተናገረች። ሁለተኛዋ ጨመረችበት። ሳምንት ሳይሞላ «ቁራውን የምትልክባችሁ እርስዋ ናት፤ መተት ነው» የሚለው ወሬ ከሰፈሩ ዘለቀ። ባለቤቴ ለቡና መጥራቷን ተወች፤ ልጆቹም ወደዚያ ግቢ እንዳይሻገሩ ከለከለች። ባልቴቷ አንድ ቀን ሆጃ ልከው ሳይቀመስ ተመልሶላቸዋል። በዚህም መካከል አንድ የባለቤቴ ዘመድ ከገጠር መጥቶ፥ «አንተ የሕግ ሰው ሆነህ ምን ትጠብቃለህ? አመልክትባት እንጂ» አለኝ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልሰውር አልፈልግም። ያን ዕለት ማታ መብራት አብርቼ፥ ወረቀት ዘርግቼ፥ ከራሱ ላይ ቀኑን ጽፌ ነበር። ከቀኑ በታች ግን ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። የተከሳሽ ጥፋት ምንድር ነው? ለወፍ እህል መስጠት። ማስረጃውስ? ቁራ ስላልመታት። እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘ አቤቱታ በሌላ ሰው እጅ ቢመጣልኝ ምን እንደምል አውቃለሁ። ቢሆንም ወረቀቱን አልቀደድሁትም፤ አጥፌ ከመሳቢያ አኖርሁት።

በሳምንቱ በሀሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ከበር ሲገባ ቁራው እኔን ሲያባርር ስላየ፥ እንደ ሌላው ሰው መሳቅ ትቶ፥ «አጎቴ፥ የዚህን ቁራ ልጅ ገድለዋልን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አልገደልሁም አልሁት። ከዚያም የሚከተለውን አጫወተኝ፤ እኔም ኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብሁት።

በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ፥ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፥ ጆን ማርዝሉፍ የተባሉ የወፍ ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. የዋሻ ሰው መልክ ያለው አስፈሪ ጭምብል አጥልቀው 7 ቁራዎችን በወጥመድ ያዙና፥ ከእግራቸው ቀለበት አድርገው ለቀቋቸው። ከዚያ ወዲህ ያን ጭምብል ያጠለቀ ማናቸውም ሰው በግቢው ባለፈ ጊዜ ቁራዎቹ ተሰብስበው ይጮኹበት ጀመር። ለማመዛዘኛ የተመረጠው የምክትል ፕሬዚደንቱ የዲክ ቼኒ መልክ ነበረ፤ እርሱን ያጠለቀውን ግን በደኅና አሳለፉት። (በሰው ዘንድ ብዙ የተነቀፈ ሹም በቁራ ዘንድ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ባልደረቦቼን እጅግ አስቋቸዋል።) የዋሻው ሰው ጭምብል ተዘቅዝቆ ቢጠለቅ፥ አንዳንዱ ቁራ አንገቱን አዘቅዝቆ አይቶ ለየው። ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ሊቁ በአንድ ጕዞ ካገኟቸው 53 ቁራዎች 47ቱ ጮኹባቸው። የተያዙት ግን 7 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የቀሩት ቂሙን ያገኙት የጓደኞቻቸውን ጩኸት ሰምተውና የወላጆቻቸውን አድራጎት አይተው ነው። በመዝገቤ ያሉት ባላንጣዎች ከዚህ የበለጠ አላደረጉም። ጩኸቱ ፈጽሞ የጠፋው ከ17 ዓመት በኋላ በ2023 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ ደንቆኝ ሳለ የእኅቴ ልጅ ወደ እኔ ነገር የሚቀርበውን ነገረኝ። ኬሊ ስዊፍት የተባለች የእኚሁ ሊቅ ደቀ መዝሙር፥ በ2015 ዓ.ም. ባወጣችው ጥናት፥ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች የሞተ ቁራ በእጃቸው ይዘው በቁራዎች ፊት እንዲቆሙ አድርጋ ነበር። ሰዎቹ ምንም ጥፋት ሳይሠሩ፥ ሬሳ ይዘው ስለ ታዩ ብቻ፥ ቁራዎቹ መልካቸውን ይዘው እስከ 6 ሳምንት ድረስ ጮኹባቸው። በመካከለኛው ህንድም አንድ የቀን ሠራተኛ በብረት መረብ የተያዘ የቁራ ጫጩት ሊያድን ሲሞክር ከእጁ ላይ ስለ ሞተበት፥ ቁራዎች ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲያሳድዱት እንደ ኖረ በ2019 ዓ.ም. ጋዜጦች ጽፈው ነበር። ያ ሰው ከቤቱ በትር ሳይዝ አይወጣም ነበር ይባላል።

በዚህ ጊዜ የሚያዝያው ቀን ትዝ አለኝና፥ «እኔ እኮ አንሥቼዋለሁ፤ በክንፉ አንጠልጥዬዋለሁ» አልሁ። የእኅቴ ልጅም፥ «እንግዲያስ አጎቴ፥ በቁራው ዓይን እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል» አለኝ። «ታዲያ ማን ገደለው?» ብዬ ስናገር፥ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የነበረው የዘጠኝ ዓመት ልጄ አንገቱን ደፋ። ከግንብ ኋላ ሆኖ በወንጭፍ መትቶት ኖሯል። ቁራዎቹ አላዩትም፤ ያዩት እኔን ነው።

በማግሥቱ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ወደ ባልቴቷ ቤት ሄድን። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ምን እንደምትል ጠፍቷት እንባዋ መጣ። እኔም ጫጩቱን ማን እንደ ገደለው ተናገርሁ። ባልቴቷ ግን አልደነቃቸውም።

«ልጁ ሲወረውር አይቻለሁ» አሉ።

«ታዲያ እማማ፥ ይህ ሁሉ ወሬ ሲነዛብዎ ለምን አልተናገሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ብናገር ትገርፈው ነበር» ብለው ልጁን ወደ ጉያቸው አስጠጉት። ከዚያም ሆጃ ሊያፈሉ ተነሡ።

ያን ዕለት ማታ ከመሳቢያው ወረቀቱን አውጥቼ ከእሳት ጨመርሁት። ቀን ብቻ የተጻፈበት ቢሆንም፥ ቶሎ አልነድ ያለ መሰለኝ።

ከቁራው ጋር እንዴት እንደምታረቅ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው። በየጧቱ አንድ እፍኝ የተቀቀለ ማሽላ ከዛፉ ሥር አኑሬ፥ ሳልቸኩልና ሳልመለከት እንድሄድ መከሩኝ። የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ሌላ ነገር ጨመረልኝ። በአውሮፓ ሊቃውንት ቁራዎችን ዳቦ በቺዝ መለወጥ አስለምደው ነበር፤ አንዱ ሰው ዳቦውን ተቀብሎ ቺዙን ይሰጣል፤ ሌላው ዳቦውን ተቀብሎ ቺዙን ራሱ ይበላዋል። በ2017 ዓ.ም. እንደ ታተመው፥ ቁራዎቹ ከአንድ ወር በኋላ እንኳ አታላዩን ትተው ከእውነተኛው ጋር መገበያየትን መርጠዋል። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ቁራ ጠጠር ወደ እንስራ እየጣለ ውኃውን ከፍ አድርጎ እንደ ጠጣ ሲተርክልን፥ ለልጅ የተሠራ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ማሽላውን ማኖር እንደ ጀመርሁ መመታቱ በአንድ ጊዜ አልቀረም። በመጀመሪያው ሳምንት እህሉን እኔ ከራቅሁ በኋላ ይበሉት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ባርኔጣዬ ከራሴ መውደቁ ቀረ። ጎጆውም በዚያን ጊዜ ባዶ ሆኖ ነበርና፥ የቁራ ቍጣ ከሁሉ የሚበረታው ልጆች በጎጆ ሳሉ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ በዛፉ ላይ የቁራ ጎጆ ያለበት ቤተ ሰብ፥ የወደቀ ጫጩት ቢያገኝ፥ ወላጆቹ እያዩ በእጁ ባያነሣው መልካም ነው፤ ግድ ከሆነም መሽቶ ቁራዎቹ ካደሩ በኋላ ያንሣው። ድንጋይ መወርወርም ነገሩን ያባብሳል እንጂ አያበርደውም።

ባለቤቴ በነሐሴ ሴት ልጅ በደኅና ተገላገለች፤ ሆጃውም በየማለዳው ይመጣላት ነበር። ቁራዎቹ ዘንድሮም ከዚያው ዛፍ ላይ ናቸው። እኔ ስወጣ አንዱ ከቅርንጫፉ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ይጮኻል፤ ሰላምታ ይሁን ማስጠንቀቂያ ገና አልለየሁትም። ማሽላውን አሁን የሚያኖረው ልጄ ነው። ከዛፉ ሥር አድርጎ ሲመለስ ግን ዓይኑን ወደ ላይ አያነሣም።