የተሳፋሪ መያዣ ብረት፣ ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርደው መንገድ

በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ውስጥ ተሳፋሪው ሲገባ፣ ሲቆም፣ ሲቀመጥና ሲወርድ የሚጨብጠው መያዣ ብረት ከሞተሩ፣ ከፍሬኑና ከጎማው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ዕቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ ተሽከርካሪው ፍጥነቱን ወይም አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር የሰውን አካል ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲሄድ የሚያስገድደው ይኸው ብረት በመሆኑ፣ ውፍረቱ፣ ቦታውና ከሁሉም በላይ አተካከሉ ከመኪናው መዋቅር ጋር እንጂ ከጌጡ ጋር ሊቆጠር አይገባውም። ጉዳዩ በሁሉም ስፍራ የሚነሣ ቢሆንም በሳንጃ፣ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ አካባቢ ግን የመንገዱ፣ የአየሩና የተጓዡ ሁኔታ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል።

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መተማ ዮሐንስ ወደ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ በሱዳን ድንበር፣ ከገላባት ፊት ለፊት ትገኛለች። ስለዚህም ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ የሚዘልቀው፣ እንዲሁም በትክል ድንጋይ አልፎ የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ወደሆነችው ሳንጃ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለትና መጠምዘዣ ስላለበት፣ አሽከርካሪው ደጋግሞ ፍሬን እንዲይዝና መሪ እንዲያዞር ይገደዳል። በዚህ ላይ ሰሊጥ በሚታረምበት ክረምትና ከመስከረም ጀምሮ በሚታጨድበት ወቅት ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ እጅግ ብዙ በመሆኑ፣ ትርፍ ሰው መጫን በትራፊክ ደንብ የሚያስቀጣ ሆኖ ሳለ፣ በመተላለፊያው ላይ ቆሞ የሚጓዝ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ሕዝብ የሚጓጓዘው ዶልፊን በሚባለው ሚኒባስ፣ በባጃጅና ቅጥቅጥ በሚባለው፣ ማለትም በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ በአገር ውስጥ ወርክሾፕ በተሠራለት መለስተኛ አውቶቡስ ነው። የዶልፊንና የባጃጅ መያዣ በፋብሪካ ተወስኖ የሚመጣ ሲሆን የቅጥቅጡን ግን የሚወስነው ብረቱን የሚበይደው ባለሙያ በመሆኑ፣ በዚህ አገር የመያዣ ብረት ንድፍ ጉዳይ በአመዛኙ የብየዳ ቤት ጉዳይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የነገሩ መሠረት ኢነርሺያ የሚባለው ባሕርይ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም አካል በውጭ ኃይል ካልተገደደ በቀር የያዘውን ፍጥነትና አቅጣጫ ይዞ የሚቀጥልበት ሁኔታ ነው። ፍሬን የሚያቆመው ጎማውንና ሻንሲውን ነው፤ ውስጥ የቆመውን ሰው የሚያቆመው ግን ጫማው ከወለሉ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃና እጁ የጨበጠው ነገር ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሂርሽፌልድ ለከተማ የኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያዎች ባካሄደው ሙከራ፣ ምንም ሳይዝ የቆመ ሰው የመኪናው የፍጥነት ለውጥ የመሬት ስበትን 16 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ሚዛኑን እንደሚስት፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ጠፍር የያዘው እስከ 23 ከመቶ፣ ቋሚ ብረት የጨበጠው ደግሞ እስከ 27 ከመቶ ገደማ እንደሚቋቋም አሳይቷል። ቋሚው ብረት የበለጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጠፍር ሲጎተት ብቻ የሚያግዝ ከመሆኑም በላይ ከሰውየው ጋር አብሮ ስለሚወዛወዝ መገፋትን ሊቋቋም አይችልም፣ ቋሚ ብረት ግን ሰው ሊስበውም ሊደገፈውም ይችላል። በየገበያው እየተገዛ በጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ባለ ቀለም ጠፍር ለዓይን ቢያምርም በቁልቁለት መንገድ የቋሚውን ብረት ቦታ ሊተካ አይችልም።

እነዚህን ቁጥሮች ከመንገዱ ጋር ማገናኘት ይቻላል። አንድ መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ 50 ሜትር ሬዲየስ ያለውን፣ ማለትም የክቡ መሐል ከመንገዱ 50 ሜትር የሚርቀውን መጠምዘዣ ቢዞር፣ በተሳፋሪው ላይ የሚያርፈው የጎን ግፊት የመሬት ስበትን 25 ከመቶ ያህላል። ይህም ምንም ያልያዘውን ሰው ለመጣል ከበቂ በላይ ነው፤ ጠፍር የያዘውንም ያንገዳግዳል። ለአውቶቡስ ፍሬን የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 13 ደግሞ መኪናው በአስቸኳይ ሲቆም በየሴኮንዱ ቢያንስ በ5 ሜትር በሴኮንድ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይጠይቃል፤ ይህ የመሬት ስበት ግማሽ ያህል ስለሆነ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሰው በ300 ኒውተን ኃይል ወደፊት ይገፋዋል።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ያ ኃይል ወዴት ይሄዳል የሚለው ሲሆን፣ ብዙ ወርክሾፕ የሚስተው እዚህ ላይ ይመስላል። ሦስት ሰዎች አንድ ቋሚ ብረት ይዘው ሳለ ሙሉ ፍሬን ቢያዝ ብረቱን የሚስበው ኃይል 900 ኒውተን ይደርሳል፤ አንድ ኩንታል ሰሊጥ በጎን በኩል ተሰቅሎበታል እንደማለት ነው። ብረቱ ከወለል እስከ ጣሪያ 2 ሜትር ቢሆንና ሰዎቹ በ1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢጨብጡት፣ ከዚያ ጫና 60 ከመቶው የሚያርፈው በላይኛው መገጣጠሚያ ላይ ነው። በቅጥቅጥ ውስጥ ግን ላይኛው መገጣጠሚያ ብዙውን ጊዜ በስስ ላሜራ ላይ የተበየደ ወይም በአጭር ቡሎን የታሰረ በመሆኑ፣ ብረቱ ራሱ ሳይጎዳ ላሜራው ተቀዶ ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚመርጠው የጣሪያውን አግዳሚና የወለሉን አቋራጭ ብረት ነው፤ መያዣውንም ከእነዚህ ጋር ያገናኛል፣ ለዚያ የሚመች አጥንት በቦታው ከሌለም ከላሜራው ጀርባ ጫናውን የሚያሰራጭ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ያስገባል። የቱቦውን ውፍረትም በሚመለከት ቆጣቢነት እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ግድግዳው ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቱቦ በተጠቀሰው ጫና መሐሉ ላይ ሊጎብጥ ይችላል።

የመያዣው ልክ ከእጅ ይነሣል። ለአውቶቡስ አካል የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 107 የመያዣው ውፍረት ከ20 እስከ 45 ሚሊ ሜትር እንዲሆን፣ ከግድግዳው ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ርቆ ጣት በነጻነት እንዲያልፍ፣ እጅ የሚያርፍበትም ርዝመት ከ100 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይደነግጋል። እንግሊዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ለአካል ጉዳተኞች ምቹነት ያወጣችው ደንብ ደግሞ ጠበቅ ብሎ ክብ የሆነና ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብረት ይጠይቃል። ደስ የሚለው ነገር በየሕንፃ መሣሪያ መሸጫው የሚገኘው ባለ አንድ ኢንች የውኃ ቱቦ ውጫዊ ውፍረት 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ጥብቅ ልክ ያለ ምንም ልዩ ግዢ ማሟላቱ ነው። ሆኖም ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ከሆነ፣ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን የሚያሳምም ትኩሳት ስለሚያስከትል የሚበየደው ጫፍ አስቀድሞ በሞላ መፋቅ አለበት። በብዙ ቅጥቅጦች የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ለአካሉ አጥንት ተስማሚ ሲሆን ለመዳፍ ግን አይሆንም፤ ጠርዙ ጫናውን በጣት አጥንት ላይ ስለሚያከማች ሰው አጥብቆ ሊጨብጠው ሲሞክር ያመዋል፣ ያመመውንም ይለቃል።

ለቆመ ሰው መያዣው በየትኛውም የመቆሚያ ቦታ ላይ በእጅ የሚደረስ ሊሆን ይገባል፤ ደንብ ቁጥር 107 ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት መያዣ ይጠይቃል፣ ከሁለቱም ቢያንስ አንዱ ከወለሉ ከ1.5 ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ይህች ሁለተኛዋ ሁኔታ በጣሪያው ሥር በረጅሙ የተዘረጋውን አንድ ብረት ብቻ በቂ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው መልስ ናት፤ ምክንያቱም ያ ብረት ለረጅም ጎልማሳ ቢመችም ለአጭር ሴት፣ ለልጅና እጁን ወደ ላይ ማንሣት ለሚቸግረው ሽማግሌ የለም ማለት ይቻላል።

ከሁሉም ግን አሳሳቢው በሩ ነው። ቅጥቅጡ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ስለሚሠራ ወለሉ ከፍ ያለ ነው፤ ቁጥር 107 ለአገር አቋራጭ አውቶቡስ የመጀመሪያው ደረጃ ከመሬት ከ380 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ሲል፣ በቅጥቅጥ ላይ የሚገጠመው ደረጃ ከዚህ በልጦ ጉልበት ድረስ እግር ማንሣትን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ከመሬት የሚነሣ ሰው የሚጨብጠው ነገር ከመሬት በ80ና በ110 ሳንቲ ሜትር መካከል፣ ከደረጃውም ጠርዝ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መገኘት አለበት፤ ከዚያም በየደረጃው ላይ የቆመው ሰው እንዲህ ያለውን መያዣ በተመሳሳይ ከፍታ ማግኘት ይኖርበታል። ይህን የሚያሟላው ቀላሉ መንገድ በበሩ በሁለቱም በኩል ከደረጃው ጋር እየጋደለ የሚወጣ አንድ ቱቦ ማቆም ነው። ልጅ አዝላ በአንድ እጇ ዘንቢል የያዘች እናት፣ ወይም ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነጻ የሚሆንለት አንድ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ያ እጅ ቀኝም ሆነ ግራ የሚይዘው ማግኘት አለበት። መያዣ በሌለበት ተሳፋሪው የበሩን ክንፍ ራሱን ይይዛል፤ በሩም በማጠፊያው ላይ ስለሚንቀሳቀስ ሰውየውን ይዞት ይዞራል። የቱቦው ጫፍም ወደ ግድግዳው ተቆልምሞ መግባት ይገባዋል፤ ተቆርጦ የቀረ ጫፍ ነጠላና ጋቢ እየያዘ ወራጁን ከኋላው ይጎትተዋልና።

የቆላው አየር ሌላ ችግር ያመጣል። በመተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ሲሆን፣ በመናኸሪያ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ብረት ከአየሩም ይልቅ ይግላል። በዓለም አቀፉ የደረጃ ድርጅት መመዘኛ መሠረት ለአንድ ደቂቃ የተነካ ነገር ሙቀቱ 51 ዲግሪ ከደረሰ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሰው ደግሞ እጁን ያቃጠለውን ብረት በመጠምዘዣ ላይም ቢሆን አይዝም። ላብ በበኩሉ መዳፍን ከተወለወለ ብረት ላይ ያንሸራትታል። ለሁለቱም የሚበጀው ቱቦውን በሻካራ የዱቄት ቀለም መቀባት ወይም በፕላስቲክ ሽፋን ማልበስ ሲሆን፣ አቅም ባነሰበት ቦታ በጥብቅ የተጠመጠመ የጎማ ላስቲክም ያገለግላል። ቀለሙ ቢጫ ቢሆን ይመረጣል፤ የዓይን ብርሃኑ የደከመ ሰው ከግራጫው ግድግዳ ለይቶ ሊያየው ይችላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀች በመሆኗና ስምምነቱም ትራንስፖርትን በስም ጠቅሶ ምቹ እንዲሆን ስለሚያስገድድ፣ የቀለም ምርጫ ለባለንብረቱ ደስታ ብቻ የተተወ ነገር አይደለም።  በንጽሕና በኩል ደግሞ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ ተሳፋሪው ብረት ላለመንካት ሲሸሽ መታየቱም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በወቅቱ የወጣ ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ ሁለትና ሦስት ቀን፣ በመዳብ ላይ ግን ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚቆይ አሳይቷል። መዳብ ግን ውድ ነው፤ ሳሙና ይበቃል።

ዶልፊንን በሚመለከት ተሳፋሪው ሁሉ ተቀማጭ ስለሆነ ዋናው መያዣ ከፊት ባለው መቀመጫ ራስጌ ላይ ያለው እጀታ ነው፤ በመተላለፊያው የሚዘረጋው ታጣፊ ወንበርና ሞተር ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን ከፊቱ የሚጨብጠው ስለማያገኝ የጎረቤቱን ትከሻ ይይዛል። በባጃጅ ከአሽከርካሪው ጀርባ ያለው አግዳሚ ብረት አንድ ለሦስት ሰው ያገለግላል፤ እሱንም በስፖንጅ መሸፈን ጥርስና አፍንጫን ከአደጋ ያተርፋል። ሳይዘነጋ መጠቀስ ያለበት ነገር ቢኖር መያዣ ብረት የግጭት መከላከያ አለመሆኑ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭ የሚፈጠረው ኃይል የትኛውም ክንድ ከሚችለው እጅግ ስለሚበልጥ፣ በዚያ ጊዜ የሚያድነው የደኅንነት ቀበቶ ብቻ ነው። በጆንያ ጭነት ላይ ገመድ ይዞ የሚጓዘው የእርሻ ሠራተኛ ደግሞ የትኛውም ንድፍ የማይደርስለት ነው፤ ለእሱ መፍትሔው ሌላ መኪና ነው።

የመጨረሻው ነገር ጥገና ሲሆን በዚህ በኩል ኮረኮንች መንገድ ምሕረት የለውም። የማያቋርጥ ንዝረት ቡሎንን ያላላል፤ ብየዳውንም ቀስ በቀስ ያደክመውና በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ከጠርዙ ይጀምራል። ቡሎኑ የሚገጠመው ወደ ኋላ እንዳይዞር በሚከለክል ዳዶ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከዚያም በላይ ከታሰረ በኋላ ከቡሎኑ ራስ እስከ ጠፍጣፋው ብረት ድረስ አንዲት ቀጭን የቀለም መሥመር ማስመር የሚያስወጣው ወጪ የለም ማለት ይቻላል። ቡሎኑ ሲላላ መሥመሯ ለሁለት ትከፈላለች፤ ረዳቱም ዕቃ ወደ ፖርቶ መጋላው ከመጫኑ በፊት በሩ ላይ ቆሞ በአንድ እይታ የላላውን ለይቶ በቁልፍ ሊያጠብቀው ይችላል።