አድሚታንስ፦ ከበሩ ጽሑፍ እስከ ምጣዱ

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ «አድሚሽን» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። «አድሚታንስ» የቅርብ ዘመዱ ነው፤ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ግን በአብዛኛው ወደ አንድ ቦታ በአካል መግባትን ያመለክታል። በር ላይ «ኖ አድሚታንስ» ተብሎ ሲጻፍ የእኛው «መግባት ክልክል ነው» ማለት ነው።

ቃሉን ወደ ኤሌክትሪክ ያመጣው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887። እዚህ የሚገባው ሰው ሳይሆን ተለዋዋጭ ጅረት ነው። ለእያንዳንዱ ቮልት አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስንት አምፔር ያስገባል? ያ መጠን አድሚታንሱ ነው፤ መለኪያው ሲመንስ ይባላል።

ዳንግላ ውስጥ በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ እንውሰድ። አድሚታንሱ 0.072 ሲመንስ ገደማ ነው፤ 16 አምፔር ያህል ይስባል። የ60 ዋት አምፖል 0.0012 ብቻ ነው። በአንድ ቤት መስመር ላይ ጎን ለጎን የተቀጠሉ ዕቃዎች አድሚታንስ በቀጥታ ይደመራል፤ ሐሳቡን የምወደውም ለዚህ ነው። በኢምፒዳንስ፣ ማለትም በእንቅፋቱ መጠን ብናሰላ፣ መገልበጥ፣ መደመር፣ እንደገና መገልበጥ ይኖርብን ነበር። ሁለተኛ ምጣድ ሲጨመር ጅረቱ 32 አምፔር ይጠጋል፤ ቀጭን ሽቦ የሚግለው ያኔ ነው። እባካችሁ፣ ምጣድ ከመጨመራችሁ በፊት ሽቦውን አስፈትሹ።

አድሚታንስ የጅረቱን መጠን ብቻ ሳይሆን መዘግየቱንም ይገልጻል፤ ለምሳሌ የእህል ወፍጮ ሞተር ላይ ጥምጥም ሽቦው ጅረቱን ከቮልቴጁ ኋላ ያስቀረዋል። ከሞተሩ ጎን ካፓሲተር የሚገጠመው ያንን መዘግየት ለማካካስ ነው።