መንጋጋም መገጣጠሚያ ነው

ከጆሮ ፊት ጣትዎን አሳርፈው አፍዎን ከፈት ዘጋ ቢያደርጉ፣ ከቆዳው ሥር አጥንት ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። አጥንቱ አፍ ሲከፈት ይዞራል፤ ሰፋ ተደርጎ ሲከፈት ደግሞ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ በመካከል ያለው ቀጭን ዲስክም አብሮት ይሄዳል። ጤነኛ አዋቂ አፉን 40 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይከፍታል። ይህ እንቅስቃሴ ሲታወክ ሕመሙ ወደ ጆሮ፣ ወደ ጆሮ ግንድ፣ ወደ ጥርስም ይዛመታል፤ ጤነኛ ጥርሱን የሚያስነቅልም አለ። ጉልበቱን ለታመመ ሰው ፊዚዮቴራፒ ቢታዘዝለት ማንም አይገረምም። መንጋጋውን ለታመመም እንዲሁ ሊሆን ይገባል።

ጥርስን ተጠያቂ ማድረግ የቆየ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የአንገት በላይ ሐኪም ጄምስ ኮስተን ሕመሙን ከጥርስ መጉደልና ከአገጣጠሙ መዛባት ጋር አያያዘው። ከዚያ ወዲህ ጥርስ መሞረድ ለአሥርተ ዓመታት እንደ መድኃኒት ተቆጠረ፤ የተሞረደ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዲስኩ ምትክ የተተከሉ ቴፍሎን ያለባቸው ቁሶች ደግሞ እየተሰባበሩ የብዙ ታካሚዎችን አጥንት ጎዱ። በ2023 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መንገዱን ለውጧል፤ ሥር ለሰደደ ሕመም መገጣጠሚያውን በባለሙያ እጅ ማንቀሳቀስን፣ የተቋጠረ ጡንቻን በእጅ ማፍታታትን፣ ክትትል ያለው የመንጋጋ እንቅስቃሴን አጥብቆ ይመክራል። ዲስኩን ቆርጦ ማውጣትን አጥብቆ ይቃወማል።

«የታመመ አካል ማረፍ አለበት» የሚል ይኖራል። ሕመሙ ትኩስ ሳለ እውነት ነው፤ ለስላሳ ምግብ መብላት፣ ማስቲካና ለሰዓታት ጫት ማኘክን መተው ይረዳል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ መገጣጠሚያ ግን ይደርቃል። «ብዙው በራሱ ይድናል፤ ታዲያ ሕክምናው ምን ጨመረ?» የሚለው መከራከሪያ ይከብዳል፤ የማስረጃውም ጥንካሬ ከሕክምና ሕክምና ይለያያል። ቢሆንም እንቅስቃሴው ባይሠራ ማቆም ይቻላል፤ ቢላዋ ያነሳውን ግን መመለስ አይቻልም። ሳያም ቀጭ የሚል መንጋጋ ደግሞ ሕክምና አያስፈልገውም። ከባለሙያው የሚገኘው ትልቁ ነገር ልማድ ነው፦ ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ከጥርስ ሳይነካካ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ማረፍ።

ትኩሳት፣ እብጠት ወይም ተከፍቶ አልዘጋ ያለ አፍ ካለ ሐኪም ይቅደም፤ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው አዲስ ራስ ምታትና ሲያኝኩ የሚብስ ሕመም ከመጣም እንዲሁ። ያለዚያ ግን ጥርስዎን ከማስነቀልዎ በፊት መገጣጠሚያዎ እንዲመረመር ይጠይቁ።