የታሸገ ምግብ በአይሮፕላን ውስጥ ለምን ይነፋል? ከቦሌ የተነሣውስ ለምን ይኮማተራል?

ከሠልጣኞች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። «የቺፕስ ከረጢት አይሮፕላን ውስጥ እንደ ፊኛ ይነፋል ይባላል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አይሮፕላኑ ከፍ ስለሚል ነዋ!» ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ጎዶሎነቱም በተለይ ደጋ ላይ ቆሞ ለሚያስተምር መምህር ጣጣ ያመጣል።

በመጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። አየር ክብደት አለው። የሚጫነን ከራሳችን በላይ ያለው አየር ስለሆነ፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጫነን እያነሰ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ይህን አስቦ፣ የእኅቱ ባል ፍሎረን ፔርዬ እ.ኤ.አ. በ1648 ባዜቃና የብርጭቆ ቱቦ ይዞ ፒዊ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲለካ ባዜቃው ከተራራው ግርጌ ከነበረው ዝቅ ብሎ ተገኘ። በ1662 ደግሞ ሮበርት ቦይል፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ የአንድ አየር ግፊት በቀነሰ መጠን ይዘቱ እንደሚሰፋ ጻፈ። ለከረጢታችን ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ሕግ አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ ጄት አይሮፕላን በሚበርበት በ11,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውጭ ያለው ግፊት 22 ያህል ብቻ ነው። ሰው በዚያ ግፊት ሊኖር ስለማይችል የመንገደኞች ክፍል አየር እየተጨመቀ ይገባለታል። ነገር ግን እስከ 100 ድረስ አይሞላም፤ የአይሮፕላኑ አካል ብዙ ይጨነቃልና። ደንቡ በመደበኛ በረራ የክፍሉ ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ካለው እንዳያንስ ያዛል። ይህም 74 ያህል ነው። ሻንጣ የሚጫንበት የመንገደኛ ጄት ሆድም በዚሁ ግፊት ውስጥ ነው። «ሻንጣ ቤቱ አየር የለውም» የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም።

እንግዲህ ጅቡቲ ወይም ጅዳ በባሕር ዳር የታሸገ፣ 300 ሚሊ ሊትር አየር የያዘ ከረጢት ወስደን እናስላ። ግፊቱ ከ100 ወደ 74 ሲወርድ አየሩ እስከ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ሊሰፋ ይፈልጋል። ከረጢቱ አልሰፋም ብሎ ከተወጠረ ደግሞ፣ 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገጹ ላይ ብቻ የ26 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ከውስጥ ያርፍበታል። መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ የሩብ ኩንታል ጭነት ማለት እኮ ነው! የእርጎ ክዳን ሲከፈት ፊት ላይ የሚረጨው ለዚህ ነው።

ታዲያ ቦሌ ላይ የታሸገውስ? የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሚገኝ፣ ግፊቱ ከመነሻው 75 ገደማ ነው። ከ75 ወደ 74 ቢወርድ ምን ይሆናል? ከረጢቱ በ4 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይሰፋል፤ ዓይን አያየውም። ይባስ ብሎ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787፣ የክፍሉን ግፊት ቢያንስ እስከ 80 ድረስ እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ አይሮፕላኑ ወደ ሰማይ እየወጣ፣ የአዲስ አበባው ከረጢት ግን ቆላ እንደወረደ ያህል ይኮማተራል። 300 የነበረው 280 ገደማ ይሆናል፤ ጅዳ ሲያርፍ ደግሞ 225። «ከፍ ስለሚል ይነፋል» ያለው መምህር እዚህ ላይ ምን ሊል ነው? ወሳኙ አይሮፕላኑ ሳይሆን በታሸገበት ቦታና አሁን ባለበት ቦታ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው።

ለባሕር ማዶ ዘመድ ንጥር ቅቤ በብልቃጥ ያደረሰ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ቅቤው ይፈሳል ተብሎ ሲፈራ፣ ብልቃጡ ጭራሽ አልከፈት ይላል። ክዳኑ 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ የቆላው አየር በ13 ኪሎ ግራም ያህል ከላይ ተጭኖታል። በማንኪያ ጫፍ ጠርዙን ትንሽ ፈንቀል አድርጎ አየር ማስገባት ይበቃል፤ ጉልበት አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ግን የተገላቢጦሹ ጉዞ ነው። በባሕር ዳር አገር የታሸገ ምግብ አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፍቶ ይገኛል፤ እዚህ እስካለ ድረስም እንደተነፋ ይቆያል። አንዳንዱ ሰው ይህን አይቶ ደህናውን ምግብ «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥላል። ሌላው ደግሞ «ከከፍታው ነው» ብሎ በእርግጥ የተበላሸውን ይበላል፤ ሁለተኛው የባሰ ነው። በታሸገ ምግብ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ጋዝ ያመነጫሉና! መለያው ማነጻጸር ነው። አብረው የመጡት አንድ ዓይነት ከረጢቶች ሁሉ እኩል ከተነፉ ከፍታው ሊሆን ይችላል። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ከተነፋ ይጣል። የቆርቆሮ ምግብ ሲሆን ግን ማነጻጸሩም ይቅር። ቆርቆሮ ግትር ስለሆነ እንደ ላስቲክ በቀላሉ አይነፋም፤ ሆዱ የተነፋ ቆርቆሮ ይጣላል እንጂ «እስቲ ልቅመሰው» አይባልም። አየር በሌለበት የሚያድገው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ መርዝ በጥቂቱም ይገድላል።

ይህን ሁሉ ለተማሪ ለማሳየት የአይሮፕላን ቲኬት አያሻም። ሰዉ ሃይላንድ የሚለውን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አዲስ አበባ ላይ ሳይጨመቅ ጥብቅ አድርጎ ከድኖ ድሬዳዋ መውሰድ ነው። እዚያ ሲደርስ ጎኑ ገብቶ ይታያል። አፉን ባልዲ ውሃ ውስጥ ደፍቶ እዚያው ውስጥ መክፈት፤ ፕላስቲኩ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ውሃ ይስባል። ባለ 1 ሊትር ከሆነ፣ በስሌቱ መሠረት ወደ 130 ሚሊ ሊትር ሊገባ ይገባዋል። ይሁንና የድሬዳዋ ሙቀት አየሩን መልሶ ስለሚያሰፋው፣ የተለካው 100 ገደማ ቢሆን አይግረማችሁ። ሁለቱም ቦታ ላይ ቴርሞሜትር ማንበብና ልዩነቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያሰሉት መተው ነው።