ደሴትነቱ የቀረው የሐይቅ ደሴት

ከመካነ ሰላም ተነሥተን በአቀስታ በኩል ደሴ ገባን። ቦረና ደጋ ነው፤ ውሃው ወደ ዓባይ ገደል ሲወርድ እንጂ ረግቶ ሲተኛ አይታይም። ስለዚህ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሐይቅ ከተማ በደረስን ጊዜ፣ በተራሮች መካከል የተንጣለለው ውሃ እጅግ አስደነቀን።

ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የገባነው በእግራችን ነው። ስፍራው ጥንት ደሴት ነበረ፤ ውሃው ሲሸሽ ግን ከየብስ ጋራ ተያያዘ። እኅቶቻችን እንደ ገዳሙ ሥርዓት ከደጅ ቀሩ።

ዘመኑን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ብንናገር፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ያቋቋሙት በ1248 ዓ.ም. ገደማ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱም ይኸው ነው። በ1520 ዓ.ም. በዚህ ያለፈው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ መነኮሳቱ በደንገል ታንኳ ይሻገሩ እንደ ነበር ጽፏል። በ1531 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት መሻገሪያ ባዘጋጀ ጊዜ ግን ውሃው አጥር መሆኑ ቀረ፤ የገዳሙም ወርቅና ብር ተወሰደ። ሆኖም ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1280 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ሐይቁ ለአካባቢው ሰው መተዳደሪያም ነው። በ1978 ዓ.ም. ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከሌላ ውሃ መጥቶ ተጨመረበት፤ ከዚያ ወዲህ ለአጥማጁ ዋናው ሲሳይ እርሱ ሆነ። መንገደኛም በከተማው ጥብሱን ሳይቀምስ አያልፍም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይም ጥልቀት ቢኖረው፣ የሚፈስበት ወንዝ የለውም። ከተራራው የታጠበው አፈር፣ ከእርሻውና ከከተማው የወረደው እድፍ ሁሉ በዚያው ይቀራል። ዓሣውም ሳይራባ በጠባብ መረብ ከተለቀመ የነገው ምግብ ዛሬ ይበላል።

ጥንት ውሃው ገዳሙን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ጠባቂ የሚሻው ውሃው ራሱ ነው። ተዳፋቱን በእርከንና በዛፍ መሸፈን፣ ጫጩቱን ዓሣ ወደ ውሃው መመለስ፣ ለገበሬውም ለአጥማጁም የሚከብድ ሥራ አይደለም። መጻሕፍቱን ሰባት መቶ ዓመት ያቆየ ሕዝብ ሐይቁን ማቆየት አያቅተውም እንላለን።