የባሕር ዓሣ የማን ነው?

ባሕር አያልቅም ይባል ነበር። በ1883 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሎንዶን ከተማ በተከፈተው ዓለም አቀፍ የዓሣ ኤግዚቢሽን ላይ፥ ቶማስ ሃክስሊ የተባለው ዝነኛ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ባደረገው ንግግር፥ ታላላቆቹን የባሕር ዓሦች የሰው ልጅ አጥምዶ ሊጨርሳቸው አይችልም ሲል አስረድቶ ነበር። ሊቁ ይኸን ያለው የዘመኑን ጀልባና መረብ አይቶ ነውና ብዙ አንፈርድበትም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚያስረዳው ግን፥ በ1974 ከመጠን በላይ ይጠመዱ የነበሩት የባሕር ዓሣ ክምችቶች ከመቶ 10 ያህል ሲሆኑ፥ በ2021 ከመቶ 37.7 ደርሰዋል።

ባሕር የሌለው አገር ተማሪ ስለ ባሕር ዓሣ ምን አስጨነቀው የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ጥያቄው የዓሣ ብቻ አይደለም እንላለን። ብዙ ሰው በአንድነት ከሚጠቀምበት ሀብት ሁሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ባሕሩ ከሌላው ሁሉ አጉልቶ ያሳየናል። ሀብትን መጠበቅና ከሀብት ማትረፍ የማይታረቁ ናቸውን? ትርፍ ከተገኘስ ለማን ሊሆን ይገባል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በየተራ እንመርምር።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው ጠባይ ጥቂት እንናገር። ዓሣ እንደ ወርቅ ወይም እንደ ነዳጅ ዘይት አይደለም፤ ይራባል፥ ያድጋል። በባንክ ከተቀመጠ ገንዘብ ጋር ልናነጻጽረው እንችላለን። ዋናውን ሳይነካ ወለዱን ብቻ የሚበላ ሰው ዕድሜ ልኩን ይበላል፤ ዋናውን የነካ ሰው ግን የዘር እህሉን እንደ በላ ገበሬ ይሆናል። ባሕሩ በዓሣ ሞልቶ ሳለ ምግቡና ቦታው ስለሚጣበብ ዓሣው እምብዛም አይጨምርም። ቁጥሩ እጅግ ሲመነምንም የሚወልደው ስለሚያንስ አይጨምርም። ብዙ ጭማሪ የሚገኘው በመካከሉ ነው። ስለዚህ ማጥመድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ከጭማሪው አልፎ ዋናውን መብላት ነው።

ይኸን ያህል ቀላል ከሆነ ሰው ስለምን ዋናውን ይበላል? መልሱን በ1954 ስኮት ጎርደን የተባለ ካናዳዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በሚገባ አብራርቶታል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንውሰደው። በአንድ የባሕር ወሽመጥ 10 ጀልባዎች አሉ እንበል። በየዓመቱ በጠቅላላው 1000 ኩንታል ዓሣ ያወጣሉ፤ ለእያንዳንዱ 100 ኩንታል ይደርሰዋል። የአንድ ጀልባ የዓመት ወጪ የ50 ኩንታል ዋጋ ቢሆን፥ ለእያንዳንዱ የ50 ኩንታል ትርፍ ይቀራል። ይኸን ትርፍ ያየ ሌላ ሰው ጀልባ ገዝቶ ይመጣል፤ ከልካይ የለበትም። ሌላውም ይከተላል። ጀልባዎቹ 20 ሲሆኑ ባሕሩ የሚሰጠው ያው 1000 ኩንታል ነውና ለእያንዳንዱ 50 ይደርሰዋል፤ ትርፉ ጠፋ። ትርፉ ሲጠፋ ደግሞ ባለ ጀልባው ዕዳውን ለመክፈል ጠልቆ ያጠምዳል፥ የመረቡን ዓይን ያጠባል፥ ዋናውንም ይነካል። ትንሿን ዓሣ ለነገ ብሎ የሚለቅ አጥማጅ ነገ አያገኛትም፤ ጎረቤቱ ዛሬ ማታ ይወስዳታልና። ዓሣው በባሕር ሳለ የማንም አይደለም፤ የሰው ሀብት የሚሆነው ከመረብ ሲገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥበቃንና ትርፍን የሚያጠፋቸው አንዱ የሌላው ጠላት መሆኑ ሳይሆን፥ ሁለቱንም በአንድነት የሚበላው ሽቅድምድም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። የጋራ የሆነ ሀብትና ባለቤት የሌለው ሀብት አንድ አይደሉም። በአገራችን በመንዝ የሚገኘውን ጓሳ እንመልከት። ሳሩ የጋራ ነበር፤ ነገር ግን ማን እንደሚያጭድ የታወቀ፥ ለዓመታት ተዘግቶ የሚጠበቅ፥ በተወሰነ ቀን የሚከፈት፥ ደንቡን የጣሰም የሚቀጣበት ነበር። ይህ ሥርዓት እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ ለብዙ ትውልድ ሳሩን ጠብቆ አቆይቷል። የጎደለው ለባሕሩ ነው፤ ባሕሩ ለረዥም ዘመን ደንብም ጠባቂም አልነበረውም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኒውፋውንድላንድ ታይቷል። ጆን ካቦት በ1497 እዚያ ከደረሰ ጀምሮ ኮድ የሚባለው ዓሣ ለብዙ መቶ ዓመታት የአካባቢውን ሕዝብ መግቧል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን በላያቸው የዓሣ ፋብሪካና ማቀዝቀዣ የተሠራባቸው ግዙፍ መርከቦች ከአውሮፓ መጡ፤ በ1968 ብቻ 810,000 ቶን ያህል ኮድ ወጣ። በ1977 ካናዳ እስከ 200 ማይል ያለውን ባሕር በሥልጣኗ ሥር አድርጋ የውጭዎቹን ብታባርርም፥ በቦታቸው የራሷን መርከቦች አበዛች። የመንግሥቱ ሊቃውንት የዓሣውን ብዛት ከልክ በላይ ገመቱ፤ በባሕሩ ዳር በትንንሽ ጀልባ የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው እያነሰ ነው ብለው ቢጮኹም ሰሚ አላገኙም። በጁላይ 2 ቀን 1992 ሚኒስትሩ ጆን ክሮስቢ ማጥመድ መከልከሉን አስታወቁ። 30,000 ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ከሥራ ወጣ። ክልከላው ለሁለት ዓመት ነው ተብሎ ነበር፤ የተነሣው ከ32 ዓመት በኋላ በ2024 ነው። ያን ጊዜም የተፈቀደው 18,000 ቶን ብቻ ሲሆን፥ ይህ ከ1968ቱ አርባ አምስተኛ እጅ ማለት ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ብዙዎች ወዲያው የሚያስቡት በዓመት የሚወጣውን ዓሣ መጠን መወሰን ነው። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በአላስካ ሃሊበት ለሚባለው ትልቅ ዓሣ የዓመቱ መጠን ተወስኖ ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጀልባ የተመደበ ድርሻ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም ጠቅላላው መጠን ከመሙላቱ በፊት የሚችለውን ለማውጣት ይሽቀዳደም ጀመር። የማጥመጃው ጊዜ ከወራት ወደ ቀናት አጠረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዋናዎቹ የማጥመጃ ቦታዎች በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ሆነ። ቀኑ ማዕበል ቢሆንም ይወጣሉ፤ ሰው ይሞታል። መንጠቆ የተንጠለጠለበት ገመድ ቆርጠው በባሕር ጥለው ይመለሳሉ። የዓመቱ ዓሣ ሁሉ በጥቂት ቀን ስለሚራገፍ አንዳንዱ ይበላሻል፥ አብዛኛውም በረዶ ሆኖ በርካሽ ይሸጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

በ1995 ደንቡ ተለወጠ። ለእያንዳንዱ ባለ ጀልባ ከዓመቱ መጠን የተወሰነ ድርሻ ተሰጠው፤ ድርሻውን በፈለገው ቀን ሊያወጣ ይችላል። ወዲያው የማጥመጃው ጊዜ ስምንት ወር ሆነ። ትኩስ ዓሣ በየሳምንቱ ለገበያ ስለሚቀርብ ዋጋው ተሻለ። መሽቀዳደም ሲቀር የሚያስፈልገው ጀልባም አነሰ። ትርፍ የመጣው ብዙ በማጥመድ ሳይሆን ባለመቸኮል ነው። የዓለም ባንክ በ2017 ባወጣው ጥናት፥ የዓለም የባሕር ዓሣ ሥራ በአያያዝ ጉድለት ምክንያት በ2012 ብቻ 83 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጥቅም እንዳመለጠው ገምቷል። አነስተኛ መርከብ፥ ብዙ ዓሣ በባሕር፥ ብዙ ገንዘብ በኪስ፤ ሒሳቡ እንዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ድርሻው ለማን ይሰጥ? አይስላንድ በ1984 የኮድን ድርሻ ለመርከቦች ስታከፋፍል፥ ቀድሞ ባሉት ሦስት ዓመታት ላጠመዱት በነጻ ሰጠች። በ1990 የወጣው ሕግ ዓሣው የአይስላንድ ሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ብሎ ቢጀምርም፥ ድርሻው እንዲሸጥና እንዲለወጥ ፈቀደ። ሥራው አተረፈ። ነገር ግን ድርሻው በጥቂት ኩባንያዎች እጅ እየተሰበሰበ ሄደ፤ መርከቡ ከነድርሻው የተሸጠበት መንደር ባሕሩን እያየ ሥራ ፈታ። አዲስ ገብቶ ማጥመድ የሚፈልግ ወጣት፥ ሌላው በነጻ ያገኘውን በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነበት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ባቀረቡት አቤቱታ ላይ በ2007 ሲወስን፥ አሠራሩ ሰውን ከሰው የሚለይ ነው አለ። አይስላንድም ከ2004 ጀምሮ ከባለ ድርሻዎቹ ክፍያ መቀበል፥ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ለትንንሽ ጀልባዎች የበጋ ማጥመጃ መፍቀድ ግድ ሆኖባታል። ከዚህ የምንማረው ባለቤት ማበጀት አንድ ነገር፥ ባለቤትነቱን ለጥቂቶች በነጻ ማደል ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

ሌላ መንገድ ያሳዩን ትንንሾቹ የፓስፊክ ደሴቶች ናቸው። ኪሪባስ፥ ቱቫሉ፥ ናውሩና ሌሎች አምስት አገሮች በባሕራቸው ቱና የሚያጠምዱት የሩቅ አገር መርከቦች ቀድሞ የሚከፍሏቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ አንዱ አገር ዋጋ ቢጨምር መርከቡ ወደ ጎረቤቱ ይሄድ ነበርና። ከ2007 ጀምሮ ግን ስምንቱ ተባብረው የማጥመጃ ቀኖችን ቁጥር ወሰኑ፤ እያንዳንዱንም ቀን መሸጥ ጀመሩ። በኋላም የአንድ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ 8,000 ዶላር እንዲሆን ተስማሙ። በ2010 ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የዓመት ገቢያቸው በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 500 ሚሊዮን ቀረበ። የአካባቢው ዋና ዋና የቱና ዝርያዎችም አልተመናመኑም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በውቅያኖስ ላይም ሠርቷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ እንቅፋት ይቀራል። ብዙ መንግሥታት በአንድ እጃቸው ዓሣው ይጠበቅ እያሉ በሌላው እጃቸው ለመርከብ ሥራና ለነዳጅ ድጎማ ይሰጣሉ፤ ከስሮ መቅረት የነበረበት መርከብ በሕዝብ ገንዘብ ባሕሩን ይጠርጋል። የዓለም ንግድ ድርጅት በ2022 የተቀበለውና በሴፕቴምበር 2025 የጸናው ስምምነት፥ በሕገ ወጥ መንገድ ለሚያጠምዱና የተመናመነ ዓሣ ለሚያጠምዱ ድጎማ እንዳይሰጥ ከልክሏል። መርከብ ከልክ በላይ ለሚያበዛው ድጎማ ሁሉ ግን ገና አልደረሰም።

በበኩላችን የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። በእውነተኛ ጥናት የተወሰነ መጠን፥ አስቀድሞ የታወቀ ድርሻ፥ ለሕዝብ የሚከፈል ዋጋ፤ ሦስቱ አብረው ሊቆሙ ይገባል። የመጀመሪያው ከጎደለ ዓሣው ያልቃል፤ ሁለተኛው ከጎደለ ትርፉ ይጠፋል፤ ሦስተኛው ከጎደለ ዓሣውም ትርፉም እያለ ሕዝቡ ይራባል። የባሕር ዓሣ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሕግ ካልመለሰው፥ ቀድሞ የደረሰው መርከብ ይመልሰዋል።