የተሰረቀ የመኪና ቴፕ ገዢ ባያገኝስ?

ደብረ ማርቆስ፦ መኪናውን ደጅ አሳድሮ ማለዳ ሲመለስ የበሩ መስታወት ረግፎ፣ ቴፑ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ፣ የተቆረጡ ሽቦዎች ተንጠልጥለው ያገኘ ሰው ጉዳቱ የአንድ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ያውቀዋል። መስታወት ማስገጠሙ፣ ሽቦ ማስቀጠሉና የተሰበረውን የዳሽቦርድ ሽፋን መተካቱ ተደማምሮ ከቴፑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በሚኒባስ ወይም በባጃጅ ለሚተዳደር ሰው ደግሞ ተሽከርካሪው ጋራዥ የዋለበት ቀን ሁሉ ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ጊዜው ክረምት ከሆነ በደጋው ዝናብ መስታወት የሌለው መኪና ማሳደር ሌላ ጥፋት ይጨምራል።

ሌባ ቴፕን የሚመርጥባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው መጠኑ ነው። ለብቻቸው የሚሸጡ አብዛኞቹ የመኪና ቴፖች ፊታቸው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ፣ 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት እንዲኖረው ሆኖ በዓለም አቀፍ ልክ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከአንዱ መኪና የወጣው ለሌላው ይገጥማል። ሁለተኛው የሚሠራበት ኃይል ነው። አብዛኛው የአውቶሞቢል ቴፕ በ12 ቮልት ይሠራል፤ በገጠር ለመብራት የሚያገለግሉ በርካታ የሶላር ባትሪዎችም 12 ቮልት ናቸው። በመሆኑም የተሰረቀ ቴፕ የሚፈልገው ባለ መኪና ብቻ አይደለም፤ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዞ በፀጉር ቤትም፣ በሻይ ቤትም፣ በገበሬው ቤትም ይዘፍናል። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት የቴፑ ማንነት አለመታወቁ ነው። መኪና ሰሌዳ፣ የሻንሲ ቁጥርና ሊብሬ አለው። ቴፕ ግን ሊብሬ የለውም። አንድ ጊዜ ከመኪናው ከወጣ የማን እንደነበር የሚናገር ነገር አብሮት አይሄድም።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1930 የአሜሪካው የጋልቪን ኩባንያ «ሞቶሮላ» የተባለውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ መሣሪያው በየመኪናው እየተስፋፋ ሄደ፤ ስርቆቱም ተከተለው። አምራቾች በኋላ ላይ ያመጧቸው ዋና ዋና መፍትሔዎች ሌባው ዕቃውን ቢወስደው እንኳ እንዳይጠቅመው የሚያደርጉ ነበሩ። ፊቱ የሚነቀል ቴፕ፣ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ቴፕ፣ በቅርቡ ደግሞ ከመኪናው ጋር ተሰናስሎ ለሌላ መኪና የማይሆን ቴፕ የመጡት በዚህ ሐሳብ ነው።

የቴፕዎ ፊት ተነቃይ ከሆነ ከመኪናው በወረዱ ቁጥር ነቅለው ይዘውት ይሂዱ። ፊቱን በመኪናው ኪስ ውስጥ ወይም ከመቀመጫ ሥር መተው ምንም አይጠቅምም፤ መስታወት የሰበረ ሌባ እነዚያን ቦታዎች መፈተሹ አይቀርም። ቴፑ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ቁጥሩን ጽፈው ቤትዎ ያስቀምጡ። እንዲህ ያለው ቴፕ ከባትሪ ሲለያይ ይቆለፋል፤ ባትሪ ሲቀየር ባለቤቱ ራሱ ቁጥሩን አጥቶ እንዳይቸገር ወረቀቱን መጠበቅ ይኖርበታል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም ቁጥሩን ከሻጩ ጠይቆ መቀበል አለበት።

ቴፑ እነዚህ መከላከያዎች ከሌሉት ባለቤቱ ራሱ «ሊብሬ» ሊያወጣለት ይችላል። በአብዛኛው ቴፕ የብረት አካል ላይ የፋብሪካው መለያ ቁጥር አለ። ከተገጠመ በኋላ ስለማይታይ ከመገጠሙ በፊት ቁጥሩን መመዝገብ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳትና የግዢ ደረሰኙን አብሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያም በብረት አካሉ ላይ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር የመጨረሻ አኃዞች በሹል ብረት ማስቀረጽ ይቻላል። ሰሌዳ ሊቀየር ስለሚችል የሻንሲ ቁጥር ይመረጣል። ብዙ አሽከርካሪዎች በስፖኪዮና በመስታወት ላይ ቁጥር የሚያስቀርጹት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቁጥር ያለበትን ዕቃ ሌባ ለመሸጥ ይቸገራል፣ ገዢም ይጠረጥራል።

ገጣጣሚው ቴፑን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላውም በብረት ማሰሪያና በቡሎን እንዲያጠብቀው ማድረግ ጠቃሚ ነው። የስርቆት ሥራ ደቂቃዎችን የሚፈልግ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቡሎን ሌባው ሊታይ የሚችልበትን ጊዜ ያረዝማል። በገበያ ቀን፣ በንግሥ በዓል ወይም በጥር ሠርግ መኪና ሲያቆሙ ጥበቃ ያለበትን፣ ሲመሽ ደግሞ መብራት ያለበትን ቦታ ይምረጡ። ስልክ፣ ቦርሳና ፍላሽ ከውጭ በሚታይ ቦታ አይተዉ። ጭነት ይዘው በመንገድ ላይ የሚያድሩ አሽከርካሪዎችም ከሌሎች ጋር ተጠጋግተው ቢያቆሙና ጥበቃውን ቢፈራረቁ ይመከራል።

ስርቆቱ ከተፈጸመ በሩንና ዳሽቦርዱን ሳይነኩ በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ይገባል፤ አሻራ ሊገኝ ይችላልና። የተመዘገበው መለያ ቁጥርና ፎቶ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ቁጥር ያልያዘ ሰው ዕቃው ቢገኝ እንኳ የእርሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻ ምን ይፈይዳል? የተቆረጡት ሽቦዎችም እርስ በርስ ተነካክተው እሳት እንዳያስነሱ መኪናውን ከማንቀሳቀስ በፊት ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል።

ስለ መድንም ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ ከራሱ ላይ ለሚሰረቅ ዕቃ አይደለም። ሰፋ ያለ ሽፋን የገባ ሰው ቢሆንም በኋላ ያስገጠመው ቴፕ በውሉ ውስጥ መካተቱን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ይሁንና ባለ መኪናው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ገዢ እስካለ ድረስ ሌባ አይጠፋም። በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆትን ሲቀጣ፣ አንቀጽ 682 ደግሞ በንብረት ላይ በተፈጸመ ወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ዕቃውን የገዛን፣ የተቀበለን ወይም የደበቀን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ባለማወቅ የገዛም ቢሆን ባለቤቱ ሲመጣ ዕቃውን ሊነጠቅ ይችላል፤ ገንዘቡን የሰጠው ሻጭ ግን የት እንዳለ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ከገጠር መጥቶ ለሶላር ባትሪው ቴፕ የሚፈልግ ገበሬም፣ ለፀጉር ቤቱ የሚገዛ የከተማ ነዋሪም ጥቂት ነገሮችን ቢያስተውል ይጠቀማል። ሽቦው በመቀስ እንደተቆረጠ የሆነ፣ ፊቱ የጎደለ፣ መለያ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ዋጋው ከገበያው እጅግ የራቀ ቴፕ ጥያቄ ያስነሳል። ከታወቀ ሱቅ መግዛት፣ ደረሰኝ መጠየቅ፣ ደረሰኝ ከሌለም የሻጩን ማንነትና የዕቃውን ቁጥር በምስክር ፊት ማስፈረም ከኪሳራ ያድናል። በሬ ሲገዛ የሻጩን አገርና ዋስ የሚጠይቅ ገበሬ ለቴፕም ይህንኑ ቢያደርግ፣ በሌሊት የተሰበረው መስታወት በቀን ገበያ ዋጋ አያገኝም።